ህንድ በቃሏ ያዘች፣ ቻይና ጻፈች

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1250 እስከ 1000 ቅ.ል.ክ. አካባቢ፦ ቅርፊቱና ዜማው

የንግሥት ፉ ሃኦ መውለጃ ደርሷል፤ ባለቤቷ ንጉሥ ዉ ዲንግ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ከወዲሁ ማወቅ ፈልጓል። ጠንቋዩ የኤሊ ቅርፊት አመጣ፤ ከጀርባው ትናንሽ ጉድጓዶች ፈልፍሎ በእሳት ተኮሰው። ቅርፊቱ ቷ ብሎ ሲሰነጠቅ ንጉሡ ራሱ ስንጥቁን ተመልክቶ እንዲህ ባለ ቀን ከወለደች መልካም ነው ሲል ፈታው። ጥያቄውም የንጉሡም ቃል እዚያው ቅርፊት ላይ ተቀረጸ። ከ31 ቀን በኋላ ደግሞ ውጤቱ ተጨመረበት፦ መልካም አልሆነም፤ ሴት ናት። የሕፃኗ እናት ግን ጦር እየመራች ትዘምት እንደነበር እንደዚህኛው ያሉ ሌሎች ቅርፊቶች ይመሰክራሉ።

ይህ የሆነው በሰሜን ቻይና፣ አንያንግ አጠገብ በነበረው የሻንግ ነገሥታት መናገሻ ነው። ሻንጎች ሟች አያቶቻቸው ከመቃብር ሆነው ዝናቡንም ጦርነቱንም በሽታውንም ያዝዛሉ ብለው ያምኑ ስለነበር ያለ እነሱ ምክር አንድ ነገር አያደርጉም። ጠንቋይ መቼም በየአገሩ አለ። የንጉሡ ምኞት አለመሳካቱን ሳይቀር ጽፎ የሚያስቀምጥ ቤተ መንግሥት ግን ብዙ አይገኝም።

በዚያው ዘመን ከሂማላያ ተራሮች ማዶ፣ በፑንጃብ ወንዞች ዳር የሚኖሩ ከብት አርቢዎች ለእሳቱ አምላክ ለአግኒና ለጦረኛው ለኢንድራ ይዘምሩ ነበር። ከእነሱ በፊት በዚያ አካባቢ ሃራፓንና ሞሄንጆ ዳሮን የመሳሰሉ ትልልቅ ከተሞች የሠራ ሕዝብ ነበረ፤ ነገር ግን ከተሞቹ ፈራርሰዋል፣ በማኅተም ላይ የቀሩት ምልክቶቻቸውም እስከ ዛሬ የሚያነባቸው አልተገኘም። አዲሶቹ ሰዎች ፊደል አልነበራቸውም፤ የፈለጉም አይመስልም። ሪግ ቬዳ የሚባለው ከአንድ ሺህ የሚበልጥ መዝሙራቸው ከአባት ወደ ልጅ በቃል ብቻ ተላለፈ። ልጁ ጥቅሱን በቀጥታ ይለዋል፤ ቀጥሎ ቃላቱን ሁለት ሁለት እያጣመረ፣ ከዚያም ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየመላለሰ ይለዋል። አንዲት ድምፅ ብትሳት መሥዋዕቱ ይበላሻል ተብሎ ስለሚታመን ጥንቃቄው ከጽሕፈት የጠበቀ ነበር። ይህን ሀብት በቃላቸው የያዙት ብራህሚኖች የማኅበረሰቡ ቁንጮ ሆኑ።

በቻይና ደግሞ በ1046 ቅ.ል.ክ. ገደማ ዦ የተባሉ ሰዎች ሻንጎችን ድል ነሥተው ዙፋኑን ያዙ፤ የተሸነፈው ሕዝብ ግን «የነገሥታቱን አያቶች እንዴት ደፈራችሁ?» ሊላቸው ይችላል። የሰጡት መልስ ለሦስት ሺህ ዓመት የቻይና ፖለቲካ መሠረት ሆኖ ቆየ፦ ንጉሥን የሚሾመው ሰማይ ነው፤ ክፉ ሲሆን ሹመቱን ገፍፎ ለሌላው ይሰጣል። ሐሳቡ ለድል አድራጊዎቹ ተመቻቸው እንጂ የልጅ ልጆቻቸውን የሚጥልም ቢላዋ እንደነበር ያኔ ያሰቡ አይመስልም።

ከ550 እስከ 400 ቅ.ል.ክ. አካባቢ፦ ሁለት ተጓዦች

የዦው መንግሥት ከጊዜ በኋላ በስም ብቻ ቀረ፤ መሳፍንቱ እርስ በርስ መተራረድ ጀመሩ። በ551 ቅ.ል.ክ. በሉ ግዛት የተወለደው ኮንፊሽየስ ለዚህ መድኃኒቱን ያገኘ መስሎት ነበር። ልጅ አባቱን፣ ሹም ንጉሡን እንደሚገባ ቢያከብር፣ ንጉሡም እንደ አባት ቢሆን፣ የጥንቱ ሥርዓት ቢመለስ፣ አገር ይረጋል። ምክሩን የሚሰማ ገዥ ፍለጋ ከግቢ ወደ ግቢ ዓመታት ተንከራተተ፤ ማንም አልተቀበለውም። ስለ መናፍስት ሲጠየቅ፣ ሰውን ማገልገል ሳንችል መናፍስትን እንዴት እናገለግላለን እያለ ያልፈው ነበር። በ479 ቅ.ል.ክ. ሲሞት ብዙም ያልተሳካለት መምህር ነበር።

በጋንጀስ ሸለቆ ደግሞ ብረት ጫካውን መንጥሮ አዳዲስ ከተሞች በቅለዋል፣ ነጋዴው ገንዘብ ይዟል። ገንዘቡ ግን ክብር አልገዛለትም፤ በብራህሚኖቹ ሥርዓት ውስጥ ቦታው ከካህኑና ከጦረኛው በታች ነው። ብዙ ከብት የሚታረድበት መሥዋዕትም ውድ ነው። ዛሬ ኔፓል በሆነው ምድር፣ ሉምቢኒ ላይ የተወለደው የሻክያ ጎሣ ልጅ ሲድሃርታ ጋውታማ ቤቱንና ቤተሰቡን ትቶ የወጣው በዚህ ዘመን ነው። ቦድ ጋያ በአንድ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ የመከራ ምንጩ ምኞት መሆኑን አየሁ አለ፤ ሳርናት ላይ አስተማረ፤ ከዚያ በኋላ 45 ዓመት በእግሩ ዞረ። ትውፊት እንዲህ ይላል። ቡድሃ፣ ማለትም የነቃው፣ ያስተማረው ተራው ሕዝብ በሚናገረው ቋንቋ ነው፤ መነኩሴ የሚሆንን ሰው ዘሩን አልጠየቀም። ነጋዴዎች ልባቸውንም ኪሳቸውንም የከፈቱለት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሲሞት አንድ መስመር የጻፈ የለም። ደቀ መዛሙርቱ ተሰብስበው የሰሙትን በዜማ አጠኑ። ቃሉ ለብዙ መቶ ዓመታት በመነኮሳት ምላስ ላይ ኖረ።

ከ321 እስከ 232 ቅ.ል.ክ.፦ ንጉሡ የተጸጸተበት ድንጋይ

ታላቁ እስክንድር በ326 ቅ.ል.ክ. ፑንጃብ ደርሶ ወታደሮቹ አንሄድም ስላሉት ተመለሰ። እሱ በተወው ትርምስ ውስጥ ቻንድራጉፕታ የተባለ ጎበዝ ከጋንጀስ ዳር ተነሥቶ የማውርያን መንግሥት መሠረተ፤ ከእስክንድር ወራሾች አንዱ ለነበረው ለሰሉከስም 500 ዝሆን ሰጥቶ ሰፊ ግዛት ተረከበ። መናገሻው ፓታሊፑትራ፣ የዛሬዋ ፓትና ነበረች።

የልጅ ልጁ አሾካ በ268 ቅ.ል.ክ. ገደማ ነገሠ። በነገሠ በስምንተኛው ዓመት በምሥራቁ ጠረፍ ያለችውን ካሊንጋን ወጋ። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ከእሱ በፊት ያደረገ ድል አድራጊ ንጉሥ አላውቅም፦ የገደለውን ቆጥሮ፣ ማዘኑንም ጨምሮ፣ በድንጋይ ላይ አስቀረጸው። 150 ሺህ ሰው ተማርኮ ተግዟል፣ 100 ሺህ ተገድሏል፣ ከዚያ እጥፍ ድርብ የሆነ ደግሞ በጦሱ አልቋል ይላል አዋጁ። ከእንግዲህ የምፈልገው ድል በዳርማ፣ በጽድቅ ሥርዓት የሚገኘውን ነው አለ።

አዋጆቹን ከአፍጋኒስታን እስከ ደቡብ ህንድ በየዓለቱና በየዓምዱ ላይ አስቀረጸ፤ በአብዛኛው ብራህሚ በሚባለው ፊደል፣ ካንዳሃር ላይ በግሪክና በአራማይክ። ቋንቋቸው የግቢ ሳይሆን የሕዝብ ነው። አንዱ የማድ ቤቱን ጉዳይ እንኳ ያነሣል፦ ቀድሞ በንጉሡ ወጥ ቤት በየቀኑ እጅግ ብዙ ሺህ እንስሳ ይታረድ ነበር፤ አሁን ሦስት ብቻ ይታረዳል፣ ሁለት ጣዎስና አንድ አጋዘን፤ አጋዘኑም ሁልጊዜ አይደለም፤ ወደፊት ሦስቱም ይቀራሉ። ንጉሠ ነገሥት ስለ ምሳው ለሕዝብ ሪፖርት ሲያቀርብ ማየት ደስ ይላል። ለሰውና ለእንስሳ ሕክምና ማቅረቡን፣ በየመንገዱ ዛፍ ማስተከሉንና ጉድጓድ ማስቆፈሩን፣ የሁሉም እምነት ሰዎች እንዲከባበሩ መፈለጉንም ይናገራል። ሉምቢኒን ተሳልሞ፣ ቡድሃ የተወለደበት መንደር ነው ብሎ ግብሩን አቃሎለታል።

አሾካን ቅዱስ አድርጎ ማየት ግን አዋጆቹን በደንብ አለማንበብ ነው። ካሊንጋን አልመለሰም። የጫካ ሕዝቦችን በዚያው በጸጸቱ አዋጅ ውስጥ፣ ቢጸጸትም ኃይሉ በእጁ እንዳለ ያስጠነቅቃቸዋል። ከሁሉ የሚገርመው ግን ይህ ነው፦ ካሊንጋ ውስጥ፣ ዳውሊና ጃውጋዳ በተባሉት ዓለቶች ላይ፣ የጸጸቱ አዋጅ የለም። ሌላው ዓለም ያነበበውን እዚያው የተወጋው ሕዝብ እንዲያነበው አልተደረገም። በቦታው የገባው ሰው ሁሉ ልጄ ነው የሚልና ሹማምንቱ ያለ በደል ሰው እንዳያስሩ የሚያዝ ሌላ አዋጅ ነው።

የሆነው ሆኖ፣ በጋንጀስ ዳር ከነበሩ ብዙ የመናንያን ማኅበራት አንዱ የነበረው የቡድሃ ትምህርት ንጉሥ አገኘ። ሰባኪዎች ወደ ስሪላንካና ወደ ሰሜን ምዕራብ ወጡ። አሾካ ከሞተ ግማሽ ምዕት ዓመት ሳይሞላ፣ በ185 ቅ.ል.ክ. ገደማ፣ የመጨረሻው የማውርያ ንጉሥ በገዛ ጦር አዛዡ ተገደለ፤ ግዛቱም ተበታተነ።

ከ221 እስከ 206 ቅ.ል.ክ.፦ የቺን ብረት

አሾካ ሲያርፍ በምዕራብ ቻይና የቺን ግዛት ዙፋን ላይ የ27 ዓመት ወጣት ተቀምጦ ነበር። በ221 ቅ.ል.ክ. ስድስቱን ተቀናቃኝ መንግሥታት ውጦ የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት፣ ቺን ሺ ሁዋንግ፣ ተባለ። እሱም በየተራራው ድንጋይ አስቀርጿል፤ የእሱ ድንጋዮች ግን የሚናገሩት ስለ ድሉና ስለ ገናናነቱ ብቻ ነው።

የቺን ጥበብ ከኮንፊሽየስ የተለየ ነበር። ሰው በደግነት አይገዛም፤ ግልጽ ሕግ፣ ከባድ ቅጣት፣ ጥሩ ሽልማት ይበቃዋል። ፊደሉ፣ ሚዛኑ፣ መስፈሪያው፣ በጋሪ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ሳይቀር አንድ እንዲሆን ታዘዘ። በ213 ቅ.ል.ክ. ዋና ሚኒስትሩ ሊ ሲ ሰዎች ዛሬን የሚነቅፉት ትናንትን እየጠቀሱ ነው ብሎ መከረ፤ ከሕክምና፣ ከእርሻና ከጥንቆላ በቀር የግል መጻሕፍት እንዲቃጠሉ ተወሰነ። ሕዝቡ በጽሑፍ የሚያስታውስ ባይሆን ኖሮ መጽሐፍ ማቃጠል ባላስፈለገ ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ በ210 ቅ.ል.ክ. በጉዞ ላይ ሞተ። ወራሹን እስኪያመቻቹ ድረስ ሊ ሲና ጃንደረባው ዣኦ ጋኦ ሞቱን ደበቁ፤ ሙቀቱ ሬሳውን ሲያሸተው የደረቀ ዓሣ የጫኑ ጋሪዎች ከሠረገላው ጋር እንዲሄዱ አደረጉ። ይህን የሚያወራው ከመቶ ዓመት በኋላ የጻፈው ታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺየን ነው፤ እሱም ለሃን ቤተ መንግሥት የሚሠራ በመሆኑ ቺንን ማጥላላት አይቸግረውም። በዓመቱ ወደ ጠረፍ የሚሄዱ ምልምሎች ዝናብ መንገድ ዘጋባቸው። ማርፈድ በሞት ያስቀጣል፤ ማመፅም በሞት ያስቀጣል። ዐመፁ። በ206 ቅ.ል.ክ. ቺን አልነበረም።

ከ202 ቅ.ል.ክ. እስከ 220 ዓ.ም.፦ የቀርከሃው ከዘራ

አሸናፊው ሊዩ ባንግ የገበሬ ልጅ ነበር፤ ምሁራንን ከመናቁ የተነሣ የአንዱን ቆብ ነጥቆ ሸንቶበታል ይባላል። ይሁን እንጂ በፈረስ ላይ ሆኖ የያዘውን አገር በፈረስ ላይ ሆኖ እንደማያስተዳድረው አማካሪዎቹ አስረዱት። የመሠረተው የሃን ሥርወ መንግሥት ከቺን ቢሮክራሲውን ወረሰ፣ ልብሱን ግን ከኮንፊሽየስ ተበደረ። ንጉሠ ነገሥት ዉዲ በ124 ቅ.ል.ክ. የኮንፊሽየስን መጻሕፍት የሚያስተምር ትምህርት ቤት በ50 ተማሪ ከፈተ፤ ከዚያም ሹመት ይገኝ ጀመር። ያ ከግቢ ወደ ግቢ የተንከራተተው መምህር ከሞተ ከ350 ዓመት በኋላ ሥራ አገኘ ማለት ነው።

ይኸው ዉዲ በ138 ቅ.ል.ክ. ዣንግ ቺየን የሚባል ሹም ወደ ምዕራብ ላከ፤ ዓላማው ሺዮንግኑ በተባሉት ፈረሰኞች ላይ አጋር መፈለግ ነበር። መቶ ከሚያልፉት ተከታዮቹ ጋር ሲወጣ ሺዮንግኑ ያዙት፤ አሥር ዓመት ከእነሱ ጋር ኖረ፣ ሚስት አግብቶ ወለደ፣ ከዚያ አምልጦ ጉዞውን ቀጠለ። ባክትሪያ፣ የዛሬው ሰሜን አፍጋኒስታን፣ ሲደርስ ገበያ ላይ የሚያውቀውን ነገር አየ፦ የአገሩ የሲቹዋን ጨርቅና የቀርከሃ ከዘራ። ከየት አመጣችሁት ሲል፣ ነጋዴዎቻችን ሼንዱ ከምትባል፣ ሙቀት ካለባት፣ ሰዎቿ በዝሆን ከሚዋጉባት አገር ገዝተውት ነው አሉት። ሼንዱ ህንድ ናት። የቻይና ቤተ መንግሥት የህንድን ወሬ በጽሑፍ ያገኘው በዚህ ነው። ከመቶው ሰው አገሩ የተመለሱት ዣንግ ቺየንና አንድ አገልጋዩ ብቻ ነበሩ።

ከኋላው የተከፈተውን መንገድ ግመሎች ሞሉት። በመካከል ሆነው የተጠቀሙት ኩሻኖች ነበሩ፤ ንጉሣቸው ካኒሽካ በሁለተኛው ምዕት ዓመት ከመካከለኛው እስያ እስከ ጋንጀስ ገዛ፣ በወርቅ ገንዘቡም ላይ የግሪክን፣ የፋርስንና የህንድን አማልክት፣ አንዳንዴም ቡድሃን እያፈራረቀ አሳተመ። የኩሻን ወርቅ እስከ የት እንደተጓዘ ለማወቅ ትግራይ ደብረ ዳሞ ድረስ መምጣት ይበቃል፤ ከ100 የሚበልጡ የኩሻን የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተውበታል። በቀይ ባሕር ወደ አክሱም የሄደው ሳንቲም ነው፤ በበረሃው ወደ ቻይና የሄደው ደግሞ መነኩሴ ነው።

በ148 ዓ.ም. አን ሺጋኦ የተባለ የፓርቲያ ሰው የሃን መናገሻ ሎያንግ ገብቶ መተርጎም ጀመረ። የእነዚያ ዘመናት ትርጉም ሥራ እንዲህ ነበር፦ ባዕዱ መነኩሴ በቃሉ ያጠናውን ይላል፤ አስተርጓሚው በቻይንኛ ይመልሰዋል፤ ሦስተኛው ብሩሽ ይዞ ይጽፋል። በጋንጀስ ዳር በዜማ የተያዘው ሎያንግ ላይ ቀለም ሆነ።

ከ220 እስከ 413፦ ተላጭቶ መመንኮስ ነውር ነው

መጀመሪያ ላይ ቻይናውያን ነገሩን አልወደዱትም። ገላና ፀጉር ከወላጅ የተሰጠ አደራ ነው፤ መነኩሴ ይላጫል። ልጅ ወልዶ ለአያቶች መሥዋዕት ማቅረብ የመጀመሪያው ግዴታ ነው፤ መነኩሴ አይወልድም። ሁሉ ለንጉሥ ይሰግዳል፤ መነኩሴ አልሰግድም ይላል። ለኮንፊሽየስ ተማሪ ከዚህ የባሰ ክህደት ምን አለ?

በሩን የከፈተው ውድቀት ነው። ሃን በ220 ፈረሰ፤ በ311 ሺዮንግኑ ሎያንግን አቃጠሉ። ሰማዩ ሹመቱን ማን ላይ እንዳኖረው አልታወቅ ሲል፣ በሥርዓት ያምን የነበረው ምሁር መከራን በቀጥታ የሚናገረውን ትምህርት መስማት ጀመረ። ከሰሜን የመጡት ባዕዳን ነገሥታትም የባዕድ እምነት ይስማማቸዋል። መነኮሳቱ ደግሞ ብልህ ነበሩ። እናቱን ከሲኦል ያወጣ መነኩሴ ታሪክ ተስፋፋ፤ ስለዚህ ልጅህ ቢመነኩስ አንተኑ ያድንሃል። በሰባተኛው ወር አጋማሽ ለሙታን የሚደረገው በዓል ከዚህ ወጣ። ቀብሩን፣ ተዝካሩን መነኩሴው ያዘው። ይህ ኋላ ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

የቃሉ ችግር ሌላ ነበር። ከህንዳዊ አባትና ከኩቻ ልዕልት የተወለደው ኩማራጂቫ ከተማው ኩቻ ስትያዝ ተማርኮ፣ ለ17 ዓመት ያህል በጦር አለቆች እጅ ቆይቶ፣ በ401 ቻንግአን ወደተባለችው የቻይና ከተማ ገባ። በመቶ የሚቆጠሩ መነኮሳት ተሰብስበውለት የቀድሞውን የተንገዳገደ ትርጉም ፈትሾ አዲስ አወጣ፤ ዛሬም በቻይና የሚነበበው በአብዛኛው የእሱ ነው። ትርጉም ሌላ ሰው ያኘከውን ሩዝ እንደ መብላት ነው ብሎ ነበር ይላሉ።

በዚያው ሰሞን ዕድሜው ወደ 60 የተጠጋ ፋሺየን የሚባል መነኩሴ የገዳም ሥርዓት መጽሐፍ ፍለጋ በ399 ከቻንግአን ወጣ። በረሃው ላይ መንገድ የሚያመለክተው የሞቱ ተጓዦች አጥንት ብቻ ነበር። ሰሜን ህንድ ደርሶ መጽሐፉን ሲጠይቅ መምህራኑ ግራ ገባቸው፤ ሥርዓቱን ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል እንጂ በጽሑፍ አናስተላልፍም አሉት። የተጻፈ ያገኘው ፓታሊፑትራ ሄዶ ነው፤ ሦስት ዓመት ቋንቋ እየተማረ ገለበጠው። የአሾካን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አሳዩት፤ ድንጋዩን የካቡት መናፍስት ናቸው አሉት። ስሪላንካ ውስጥ ደግሞ በአንድ የቡድሃ ምስል ፊት ነጋዴ ያኖረውን ነጭ የቻይና ሐር ማራገቢያ አይቶ አለቀሰ። አገሩን ከለቀቀ ብዙ ዓመቱ ነበር።

ከ320 እስከ 550፦ በአሾካ ዓምድ ላይ ሌላ ጽሑፍ

ፋሺየን ያለፈባት ህንድ በጉፕታ ነገሥታት እጅ ነበረች፤ የንጉሡን ስም ግን አንዴም አልጻፈም። ከጉፕታዎቹ ኃያሉ ሳሙድራጉፕታ በአራተኛው ምዕት ዓመት የድሉን ዝርዝር ያስቀረጸው በአሾካ ዓምድ ላይ ነው፤ ዛሬ በቀድሞዋ አላሃባድ የሚገኘው። ስለ ሰላም በሚናገረው ጽሑፍ ሥር፣ የነቀላቸው ነገሥታት ስም ተደረደረ። የፊደሉ ቅርጽ በስድስት መቶ ዓመት ውስጥ ተለውጦ ስለነበር ቀራጩ የላይኛውን ማንበቡ ያጠራጥራል።

ጉፕታዎች ቪሽኑን ያመልኩ ነበር፤ ገዳማቱን ግን አልነኩም፤ ትልቁ የናላንዳ ትምህርት ቤት የተቋቋመው በእነሱ ዘመን ነው። መነኮሳቱን የጎዳቸው ዝም ብሎ የሚሠራ ሌላ ነገር ነው። ነገሥታቱ ለብራህሚኖች በየገጠሩ መሬት ይሰጡ ጀመር። ብራህሚኑ መንደር ገብቶ ልጅ ሲወለድ ይባርካል፣ ሲዳር ያጋባል፣ ሲሞት ያቃጥላል፤ የመንደሩን አምላክም የሺቫ ወይም የቪሽኑ ዘመድ ያደርጋል። ቡድሃውም ሳይቀር ከቪሽኑ መገለጫዎች አንዱ ተባለ። መነኩሴው በበኩሉ ወደ ትልልቅ ገዳማት ተሰብስቦ ረቂቅ ፍልስፍና ይከራከር ነበር። በቻይና የሕዝቡን ቀብር የያዘው ገዳም በህንድ ሠርጉንም ቀብሩንም ለብራህሚን ለቀቀ።

ከ629 እስከ 664፦ ሕግ የጣሰው መነኩሴ

በ629 በቻይና የታንግ መንግሥት ገና አልረጋም፤ ከጠረፍ መውጣት ክልክል ነው። ሹዋንዛንግ የተባለ የ27 ዓመት መነኩሴ ወደ ህንድ ለመሄድ በሌሊት ሾልኮ ወጣ። በረሃው ውስጥ የውኃ አቁማዳው ከእጁ አምልጦ ፈሰሰ፤ አራት ሌሊትና አምስት ቀን አንድ ጠብታ ሳይቀምስ ሄደ፤ መንገዱን የሚያውቀው ፈረሱ ውኃ አግኝቶ አዳነው ይላል ታሪኩ።

ናላንዳ ሲደርስ በሺዎች የሚቆጠሩ መነኮሳት ነበሩ፤ አለቃው ሺላባድራ በጣም ያረጀ ሰው ነበር፤ ለዓመታት እግሩ ሥር ቁጭ ብሎ ተማረ። ከናላንዳ ውጭ ያየው ግን ሌላ ነው። ቡድሃ ባደገባት ከተማ ምድረ በዳ ገጠመው፤ በብዙ ቦታ ጣሪያ የሌለው ገዳም፣ ጥቂት መነኮሳት፣ አጠገቡ የተጨናነቀ የሺቫ መቅደስ። ሹዋንዛንግ ይህን ሁሉ መዘገበ፤ ከከተማ ከተማ ያለውን ርቀት፣ በየት አቅጣጫ ምን ያህል ሊ (የቻይና የርቀት መለኪያ) እንደሆነ፣ በየገዳሙ ስንት ሰው እንዳለ። በመልስ ጉዞው ኢንደስን ሲሻገር ማዕበል ተነሥቶ ሃምሳ ያህል መጽሐፍና የሰበሰበው የአበባ ዘር ውኃ ወሰደው። ቻንግአን በ645 ሲገባ የቀረው 657 መጽሐፍ ነበር።

ንጉሠ ነገሥት ታይዞንግ ሕግ መጣሱን ይቅር አለው፤ የፈለገው ግን ስለ ምዕራብ አገሮች ወሬ ነበር። ሹዋንዛንግ የጉዞውን መጽሐፍ አጽፎ በ646 አቀረበለትና ወደ ትርጉሙ ዞረ። በ664 እስኪሞት 1,335 ጥቅል ተረጎመ።

ከ845 እስከ 1235፦ ሁለት ዱላ

በ845 ግምጃ ቤቱ የተራቆተው የታንጉ ንጉሠ ነገሥት ዉዞንግ ግብር በማይከፍሉት ገዳማት ላይ ተነሣ። ከ4,600 የሚበልጡ ገዳማትና 40 ሺህ ያህል ትናንሽ ቤተ ጸሎቶች ፈረሱ፤ 260,500 መነኮሳትና መነኮሳይያት ወደ ዓለማዊ ኑሮና ወደ ግብር መዝገብ ተመለሱ። የነሐሱ ምስል ሳንቲም፣ የብረቱ ማረሻ ሆነ። በዓመቱ ዉዞንግ ሞተ፤ ተተኪው አዋጁን ሻረ። ትልልቆቹ የፍልስፍና ገዳማት ከዚያ ወዲያ እንደ ድሮው አልሆኑም፤ በሕዝቡ ቤት የገባው ጸሎት፣ የሙታን በዓልና የተራራ ላይ ተመስጦ ግን አልጠፋም። መጽሐፉም እየታተመ ነበር፤ በዱንሁዋንግ ዋሻ የተገኘው የ868 ጥቅል ቀን ከተጻፈባቸው ሙሉ የታተሙ መጻሕፍት ሁሉ ቀዳሚው ሲሆን፣ የኩማራጂቫ ትርጉም ነው።

ናላንዳ ላይ የወረደው ዱላ ግን የሚነሣለት አላገኘም። በ1200 አካባቢ ባክቲያር ካልጂ የተባለ የጦር አለቃ ፈረሰኞች ናላንዳ ያለችበትን የቢሃርን ገዳማት አወደሙ። በ1235 ዳርማስቫሚን የሚባል የቲቤት መነኩሴ ሲመጣ ዕድሜያቸው ከ90 ያለፈ አንድ መምህር በፍርስራሹ ውስጥ 70 ያህል ተማሪ እያስተማሩ አገኛቸው። ወታደሮች መጡ ሲባል ሁሉም ሸሸ፤ ቲቤታዊው ሽማግሌውን በጀርባው አዝሎ ደበቃቸው። በየመንደሩ ቤት ያልነበረው እምነት ገዳሙ ሲጠፋ የሚሸሸግበት አጣ።

ከ1356 እስከ 1937፦ ጎብጦ የሚያነብ መኮንን

በ1356 የዴልሂው ሱልጣን ፊሩዝ ሻህ ከአሾካ ዓምዶች አንዱን በጋሪና በጀልባ አስጭኖ ወደ ከተማው አመጣ። ያነቡለት ዘንድ ብራህሚኖችን ጠራ፤ የቻለ አልነበረም።

በ1837 በካልካታ የሳንቲም ማምረቻ የሚሠራው ጄምስ ፕሪንሴፕ ሳንቺ ከተባለው የቡድሃ መቅደስ የመጡ አጫጭር ጽሑፎችን ሲያስተያይ ሁሉም በአንድ ዓይነት ሁለት ፊደል እንደሚያልቁ አስተዋለ። በመቅደስ አጥር ላይ በየድንጋዩ የሚደጋገም ቃል ምን ሊሆን ይችላል? ስጦታ፤ ዳናም። ከዚያ ሌላው ፊደል ተከታትሎ ተፈታ። የአሾካ ዓለቶች ንጉሡን የሚጠሩት በማዕረግ ስም ስለነበር ማን እንደሆነ የታወቀው ግን ከስሪላንካ መነኮሳት የታሪክ መጽሐፍ ነው።

የሹዋንዛንግ መጽሐፍ በ1850ዎቹ በፈረንሳይኛ ወጣ። እንግሊዛዊው መኮንን አሌክሳንደር ከኒንግሃም የተጓዦቹን መነኮሳት መጻሕፍት ትርጉም እንደ መንገድ ካርታ ይዞ፣ ሊውን ወደ ማይል እየቀየረ፣ በቢሃር ገጠር ዞረ። በ1861 ባርጋዎን የሚባል መንደር አጠገብ ጡብ የሞላበት ጉብታ ላይ ቆሞ ናላንዳ ይህ ነው አለ። ቁፋሮው በ1915 ተጀምሮ እስከ 1937 ሲቀጥል ከሸክላ የተሠሩ ብዙ ትናንሽ ማኅተሞች ወጡ። በላያቸው የተጻፈው አጭር ነው፦ የታላቁ የናላንዳ ገዳም የተከበሩ መነኮሳት ማኅበር።